በአሜሪካ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ላይ የሚታየው የዘርና የጾታ የውጤት ልዩነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጆቻቸውን በአሜሪካ የሚያስተምሩ ወላጆችና ተማሪዎቹ ራሳቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል፤ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤስኤቲ ምን ዓይነት ፈተና ነው?

የአሜሪካ ኮሌጆች ተማሪ ሲቀበሉ ከሚመለከቷቸው ማስረጃዎች አንዱ ነው። የሚያዘጋጀው በ1900 የተመሠረተው ኮሌጅ ቦርድ ሲሆን ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1926 ነው። ንባብና ጽሕፈት አንድ ክፍል፣ ሒሳብ ሌላ ክፍል ነው። እያንዳንዱ ክፍል ከ200 እስከ 800 ይታረማል፤ ስለዚህ ጠቅላላ ውጤቱ ከ400 እስከ 1600 ይሆናል። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ፈተናው ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ተዛውሯል፤ ሁለት ሰዓት ከ14 ደቂቃ ይወስዳል። ተፎካካሪው ኤሲቲ በ1959 የተጀመረ ሲሆን ከ1 እስከ 36 ይታረማል። ከዚህ በታች የሚነሳው ነገር በአብዛኛው ለሁለቱም ይሠራል።

በዘር ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል ነው?

በ2023 የተመረቁ ተፈታኞች አጠቃላይ አማካይ 1028 ነበር። በቡድን ሲታይ እስያውያን 1219፣ ነጮች 1082፣ ላቲኖዎች 943፣ ጥቁሮች 908፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች 901 አምጥተዋል። በነጮችና በጥቁሮች መካከል ያለው ክፍተት 174 ነጥብ መሆኑ ነው። ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ጥቂት ከፍና ዝቅ ይላል፤ የቡድኖቹ ቅደም ተከተል ግን ለረዥም ጊዜ ብዙ አልተለወጠም።

በወንዶችና በሴቶች መካከልስ?

በጣም ትንሽ ነው። ወንዶች በሒሳብ፣ ሴቶች ደግሞ በንባብና ጽሕፈት ይበልጣሉ፤ ሁለቱ ሲደመሩ ወንዶች በጥቂት ነጥብ ይቀድማሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወስ አለበት። ለብዙ ዓመታት ፈተናውን ከሚወስዱት መካከል ሴቶች በቁጥር ይበልጡ ነበር። ከአንዱ ወገን ብዙ ተማሪ ሲፈተን ከጎበዞቹ በተጨማሪ መካከለኞቹም ይካተታሉ፤ ይህም የዚያን ወገን አማካይ ዝቅ ያደርገዋል።

ከአሜሪካ ውጭ ያለውን ማየት ለሚፈልግ የ15 ዓመት ተማሪዎች የሚወስዱት፣ በ81 አገሮችና ግዛቶች የተካሄደው የ2022 ፒሳ (PISA) የተባለ ዓለም አቀፍ ፈተና አለ። ፈተናውን ከሚያዘጋጀው ከኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) አባል አገሮች በተገኘው አማካይ ወንዶች በሒሳብ በ9 ነጥብ፣ ሴቶች በንባብ በ24 ነጥብ በልጠዋል። በሒሳብ ሴቶች የበለጡባቸው አገሮችም አሉ። ሒሳብ በተፈጥሮው የወንድ ትምህርት ነው የሚል ሰው ለእነዚህ አገሮች መልስ ሊያዘጋጅ ይገባል።

የኢትዮጵያውያን ልጆች የሚቆጠሩት የት ነው?

«ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» በሚለው ሳጥን ውስጥ። ተማሪው ለፈተናው ሲመዘገብ ስለ ዘሩ ይጠየቃል፤ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ሳጥን የለም። የአሜሪካ መንግሥት በመጋቢት 2024 ባሻሻለው የዘር መረጃ አሰባሰብ መመሪያ ግን በጥቁሮች ምድብ ሥር በዝርዝር ከሚሞሉት ምሳሌዎች መካከል ከናይጄሪያዊ፣ ከሶማሊያዊ፣ ከሄይቲያዊና ከጃማይካዊ ጋር ኢትዮጵያዊ የሚለው በስም ገብቷል።

ይህ ለምን ያስጨንቃል? ምክንያቱም 908 የሚለው አማካይ የብዙ ዓይነት ሰዎች ድምር ነው። በሚሲሲፒ ገጠር ለትውልዶች በተገለለ ትምህርት ቤት ሥር ያለፈ ቤተሰብ ልጅ፣ በዲቪ ሎተሪ የመጣ የኢትዮጵያዊ መምህር ልጅ፣ ከስደተኞች ካምፕ ትናንት የደረሰች ልጅ አንድ ላይ ይቆጠራሉ። የእኛ ማኅበረሰብ ልጆች ለብቻቸው ምን እንደሚያመጡ ከዚህ ቁጥር ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ «እኛ እንሻላለን» ብሎ መኩራትም «እኛም ያው ነን» ብሎ ማዘንም መሠረት የላቸውም።

የቡድኑ አማካይ ስለ ልጄ ምን ይነግረኛል?

ስለ ልጅዎ ምንም አይነግርዎትም። በተማሪዎች መካከል ያለው የተለመደ መራራቅ 200 ነጥብ ያህል ነው፤ ማለትም በየቡድኑ ውስጥ ያለው ልዩነት በቡድኖቹ አማካዮች መካከል ካለው ይሰፋል። ከነጮች አማካይ በላይ የሚያመጡ ጥቁር ተማሪዎች በየዓመቱ በአሥር ሺህዎች ይቆጠራሉ፤ ከጥቁሮች አማካይ በታች የሚያመጡ ነጮችም እንዲሁ።

ይህን የምጽፈው ለማጽናናት አይደለም። አንድ መምህር የልጅቷን የቆዳ ቀለም አይቶ ቀላሉን የሒሳብ ክፍል ሲመርጥላት አማካዩን እንደ ትንበያ እየተጠቀመበት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ወላጅ ትምህርት ቤት ሄዶ የልጁን የራሱን ውጤትና ደብተር ይዞ መከራከር ይችላል፤ ይገባዋልም።

ታዲያ ልዩነቱ የተፈጥሮ ነው ማለት ነው?

ይህን ጥያቄ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለሚጠይቁት በግልጽ መመለስ ይሻላል፦ ማስረጃው እንዲህ አይልም። የፈተናው የራሱ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። የመጀመሪያውን ኤስኤቲ ያዘጋጀው የፕሪንስተን የሥነ ልቦና ምሁር ካርል ብሪገም በ1923 ባሳተመው ጥናት የሰሜን አውሮፓ ተወላጆች በአእምሮ እንደሚበልጡ፣ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጡት ስደተኞች ግን እንደሚያንሱ ጽፎ ነበር። መነሻው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ወታደሮች የተሰጠው ፈተና ነው። ይኸው ሰው በ1930 መደምደሚያው መሠረት የሌለው መሆኑን በጽሑፍ አምኖ ሐሳቡን ሳበ። እሱ ዝቅ ያደረጋቸው የጣሊያን፣ የፖላንድና የሩሲያ አይሁድ ስደተኞች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ በማንኛውም የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አሉ። በሁለት ትውልድ ውስጥ ደም አልተለወጠም፤ ቋንቋ፣ ትምህርት ቤትና ኑሮ ግን ተለውጠዋል።

በዚያው የወታደሮች ፈተና ላይ እንደ ኦሃዮና ኢሊኖይ ካሉ የሰሜን ግዛቶች የመጡ ጥቁር ምልምሎች እንደ ሚሲሲፒና አርካንሳስ ካሉ የደቡብ ግዛቶች ከመጡ ነጮች የበለጠ ውጤት ነበራቸው። ልዩነቱ የተፈጠረው ደቡብ ለትምህርት ቤቶች በሚያወጣው ገንዘብ ማነስ ነው የሚለው ማብራሪያ ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ የዘር ማብራሪያ ግን አይገጥምም።

ሦስተኛው ማስረጃ የክፍተቱ መጥበብ ነው። ብሔራዊው የትምህርት ምዘና እንደሚያሳየው የ17 ዓመት ልጆች የንባብ ውጤት ላይ በነጮችና በጥቁሮች መካከል የነበረው ክፍተት በ1971 53 ነጥብ ነበር፤ በ1988 ወደ 20 ወረደ። እነዚህ ዓመታት በደቡብ የትምህርት ቤት መገለል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከፈረሰ በኋላ ያደጉት ልጆች የተፈተኑባቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ መጥበቡ ቆመ፤ በ1990ዎቹም ክፍተቱ መልሶ ሰፋ። በ17 ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚጠብ ነገር የተፈጥሮ ሕግ ሊባል አይችልም።

የቤተሰብ ገቢን ብናስተካክል ልዩነቱ ይጠፋል?

ይቀንሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም። ገቢ ያለው ጉልበት ግን ከባድ ነው። ራጅ ቼቲ፣ ዴቪድ ዴሚንግና ጆን ፍሪድማን በ2023 ባወጡት ጥናት መሠረት በገቢ ከላይኛው 1 በመቶ ውስጥ ያሉ ቤተሰቦች ልጆች 1300 ወይም ከዚያ በላይ የማምጣት ዕድላቸው ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች 13 እጥፍ ነው።

ገቢ ሲስተካከል ልዩነቱ ለምን እንደማይጠፋ ለመረዳት ደመወዝንና ሀብትን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ (ፌዴራል ሪዘርቭ) የ2022 ጥናት መሠረት የመካከለኛው ነጭ ቤተሰብ የተጣራ ሀብት 285 ሺህ ዶላር ሲሆን የጥቁሩ 44,900 ዶላር ነው። በዓመት እኩል ደመወዝ የሚያገኙ ሁለት ቤተሰቦች አንዱ ከወላጆቹ ቤት ወርሶ ጥሩ ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር ሲኖር፣ ሌላው ደግሞ ከደመወዙ ላይ ለወላጆቹ እየላከ በኪራይ ሊኖር ይችላል። አገር ቤት ገንዘብ የሚልክ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። የአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤት በጀት ጥሩ ድርሻው ከአካባቢው የቤት ግብር ስለሚሰበሰብ የሰፈሩ ዋጋ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ይገባል። የፌዴራል መንግሥት የ2015–16 መረጃ እንደሚለው ካልኩለስ የሚባለውን ከፍ ያለ ሒሳብ የሚያስተምሩት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከመቶ 50 ሲሆኑ፣ ብዙ ጥቁርና ላቲኖ ተማሪ ካለባቸው ትምህርት ቤቶች መካከል ግን 38 በመቶው ብቻ ናቸው። ያልተማሩትን የሒሳብ ኮርስ ማንም በፈተና ቀን አይፈጥረውም።

እስያውያን ለምን ይበልጣሉ?

ከ1965ቱ የስደተኞች ሕግ በኋላ ከቻይና፣ ከሕንድና ከኮሪያ ወደ አሜሪካ የገቡት ሰዎች ብዙዎቹ በአገራቸውም ሆነ በአሜሪካ መለኪያ ከፍተኛ ትምህርት ያላቸው ናቸው። የተማረ ወላጅ ልጅ የተሻለ ውጤት ያመጣል፤ ይህ በየትኛውም አገር የሚታይ ነው። ማኅበረሰቦቹ ያቋቋሟቸው የማታና የቅዳሜ ማስጠኛዎችም ገንዘብ ለሌለው ጎረቤት ጭምር ጠቅመዋል። በጦርነት ተሰደው የመጡት የሕሞንግና የካምቦዲያ ቤተሰቦች ግን በዚያው «እስያዊ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ተደብቀዋል፤ ልጆቻቸው የሚያስፈልጋቸውን ድጋፍ አማካዩ ሸፍኖባቸዋል።

ጥያቄዎቹ ራሳቸው አድሏዊ አይደሉም?

በድሮው ፈተና ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ምሳሌ አለ። ሯጭ ከማራቶን ጋር እንደሚዛመድ ቀዛፊ ከምን ጋር ይዛመዳል የሚል ጥያቄ ነበር፤ መልሱ የጀልባ ቀዘፋ ውድድር መጠሪያ ነው። ያንን ቃል የሚያውቀው በሐይቅ ዳር የግል ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ ነው። ዛሬ እያንዳንዱ ጥያቄ ከመግባቱ በፊት ይመረመራል፤ በጠቅላላው እኩል ችሎታ ያሳዩ የሁለት ቡድኖች ተማሪዎች በዚያ ጥያቄ ላይ የተለያየ ውጤት ካመጡ ጥያቄው ይወጣል። እንዲህ ያሉ የቃላት ዝምድና ጥያቄዎችም በ2005 ከፈተናው ተነሥተዋል።

ይህ ምርመራ ግልጹን አድሎ አስወግዷል ብዬ አምናለሁ። ስውሩ ግን ይቀራል። ሮይ ፍሪድል የተባለ ተመራማሪ በ2003 ባቀረበው ጥናት በቃላትና ንባብ ክፍሉ ከባድ ጥያቄዎች ላይ ጥቁር ተማሪዎች ተመሳሳይ ጠቅላላ ውጤት ካላቸው ነጮች የተሻሉ ሆነው ሲገኙ፣ በቀላሎቹ ላይ ግን ያንሱ ነበር። ማብራሪያው ቀላል የሚባሉት ቃላት በየቤቱ በተለያየ መንገድ የሚነገሩ መሆናቸው፣ ከባዶቹ ደግሞ ለሁሉም ከመጽሐፍ የሚገኙ መሆናቸው ነው። ፈተናውን ያዘጋጁት ወገኖች ስሌቱን ቢተቹም በ2010 ሌሎች ተመራማሪዎች መረጃውን እንደገና ፈትሸው በከፊል ደግፈውታል። ቤት ውስጥ አማርኛ እየተነገረ ያደገ ልጅም ተመሳሳይ ነገር ሊገጥመው ይችላል፤ ከባዱን ቃል አጥንቶ ያውቃል፣ ጎረቤቶቹ በእራት ላይ የሚሉትን ተራ አባባል ግን አልሰማውም።

ሴቶች ያላወቁትን ጥያቄ ይዘላሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነበር። እስከ 2016 ድረስ በኤስኤቲ የተሳሳተ መልስ ሩብ ነጥብ ያስቀንስ ነበር። ኬቲ ኮፍማን የተባለች ተመራማሪ ያደረገችው ሙከራ ቅጣት ሲኖር ሴቶች በተመሳሳይ ዕውቀት ላይ ሆነው ከወንዶች ይልቅ ጥያቄ እንደሚዘሉ አሳይቷል። መገመት የሚያዋጣ ሆኖ ሳለ መዝለል ነጥብ ያስጎድላል። ቺሊ በብሔራዊው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናዋ ላይ የነበረውን ቅጣት ስታነሣ በመዝለል ረገድ የነበረው የጾታ ልዩነት በ70 በመቶ ቀነሰ። አንድ የእርማት ደንብ ተቀይሮ የሴቶች ውጤት ተሻሻለ ማለት ነው።

አሁን በኤስኤቲ ቅጣት የለም። ሴት ልጅ ያለችው ሰው ይህን በግልጽ ይንገራት፦ ባዶ የሚተው ጥያቄ የለም፤ ሰዓቱ ከማለቁ በፊት ሁሉም ይመለስ።

ፍርሃትና ጭንቀት ውጤት ይቀንሳል የሚለው ጥናትስ?

ክላውድ ስቲልና ጆሹዋ አሮንሰን በ1995 ያሳተሙት ነው። ጥቁር የስታንፎርድ ተማሪዎች ፈተናው ችሎታችሁን ይለካል ሲባሉ ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ፤ እንዲህ ሳይባሉ ሲቀሩ ልዩነቱ ጠበበ። ስለ ቡድኔ የሚባለውን መጥፎ ግምት አረጋግጥ ይሆናል የሚል ስጋት ውጤት ይቀንሳል የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰዎችን አሳምኗል፤ እኔም እወደው ነበር። በኋላ የተደረጉ ሰፋ ያሉ ጥናቶች ግን ተጽዕኖውን በጣም ትንሽ ሆኖ ወይም ጨርሶ ሳይኖር አግኝተውታል። ስለዚህ የ174 ነጥብ ክፍተትን በዚህ ማስረዳት አይቻልም።

በገንዘብ የሚሰጥ ማስጠኛ ክፍተቱን ይፈጥራል?

ከሚታሰበው ያነሰ። በጥንቃቄ የተሠሩ ጥናቶች የማስጠኛ ትርፍን በአማካይ ከ10 እስከ 30 ነጥብ ያህል ያደርጉታል። «200 ነጥብ እንጨምራለን» የሚል ማስታወቂያ አይታመን። ከ2015 ጀምሮ ኮሌጅ ቦርድ በኢንተርኔት ነጻ ትምህርት ከሚሰጠው ከካን አካዳሚ ጋር ያዘጋጀው ልምምድ በነጻ ይገኛል፤ የምሳ ድጎማ የሚያገኝ ተማሪ የፈተናውንም ክፍያ በነጻ ሊያደርግለት የሚችል ቅጽ ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ማግኘት ይችላል። የሚያስፈልገው ጊዜና ጸጥታ ያለው ጥግ ነው፤ ሁለት ሥራ የሚሠሩ ወላጆች ባሉበት ትንሽ አፓርታማ ውስጥ ያ ጥግ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ሴቶች በኮሌጅ የተሻለ ውጤት ካመጡ ፈተናው ስህተት ነው ማለት አይደለም?

እዚህ ላይ ጉዳዩ ይወሳሰባል። ሴቶች ኮሌጅ ገብተው የሚያመጡት ውጤት ኤስኤቲ ከተነበየላቸው ይበልጣል። በ1989 ዳኛ ጆን ዎከር የኒውዮርክ ግዛት የነጻ ትምህርት ዕድል በኤስኤቲ ውጤት ብቻ መሰጠቱ ሴቶችን ይጎዳል ብለው ያገዱት በዚህ ምክንያት ነው፤ በሁለተኛ ደረጃ የክፍል ውጤታቸው ሴቶቹ የተሻሉ ነበሩና። ከኤስኤቲ በፊት የሚወሰደውና ለነጻ ትምህርት የሚያበቃው የፒኤስኤቲ ፈተናም ተመሳሳይ አቤቱታ ቀርቦበት በ1997 የጽሕፈት ክፍል ተጨመረበት።

ጥቁርና ላቲኖ ተማሪዎችን በተመለከተ ግን ስሌቱ ይገለበጣል። በአማካይ ኮሌጅ ውስጥ የሚያመጡት ውጤት ኤስኤቲ ከተነበየው ጥቂት ያንሳል። ይህ ፈተናው ዝቅ አድርጎ ይገምታቸዋል የሚለውን ክስ ይቃረናል፤ ደስ ባይለንም ልንቀበለው ይገባል። ከፈተናው በኋላ ስላለው ኑሮም ይናገራል፤ ማታ እየሠራ የሚማር፣ ለመጽሐፍ ገንዘብ የሚያጥረው፣ በግቢው ውስጥ እንግዳ ሆኖ የሚሰማው ተማሪ በተመሳሳይ ነጥብ ከገባው ጓደኛው በታች ቢወጣ ጥፋቱ የፈተናው አይደለም።

ፈተናውን ማስቀረት ይሻላል?

ተሞክሯል። በ2020 ወረርሽኝ ጊዜ ብዙዎቹ ኮሌጆች የፈተናውን ውጤት መላክ በተማሪው ፈቃድ አደረጉት፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የራሱ መምህራን ኮሚቴ ፈተናው ከክፍል ውጤት የተሻለ እንደሚተነብይ ቢጽፍም ጨርሶ አስቀረው። ኤምአይቲ በ2022፣ ዳርትማውዝ፣ ብራውንና ሃርቫርድ በ2024 መልሰው ግዴታ አድርገውታል።

እኔ ከመለሱት ጋር እስማማለሁ። ፈተናው ሲቀር ክፍተቱ አይቀርም፤ ከዓይን ይሰወራል እንጂ። በቦታው የሚመዘኑት የድጋፍ ደብዳቤ፣ የበጋ ልምምድ፣ በአማካሪ የታረመ ድርሰትና ውድ ስፖርት ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ ከኤስኤቲ ይልቅ የሀብታም ናቸው። መነካት ያለበት የልኬት መሣሪያው ሳይሆን ካልኩለስ የማያስተምረው ትምህርት ቤት ነው።

ከ2023ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ የልጄ ውጤት እንዴት ይታያል? ዝቅ ካለስ ልላከው?

ፍርድ ቤቱ ጁን 29 ቀን 2023 በሃርቫርድና በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ላይ በሰጠው ውሳኔ ዘርን እንደ መመዘኛ መጠቀም ተከልክሏል። ተማሪው ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያመጣውን በድርሰቱ መጻፍ ግን ይችላል፤ ኮሌጁም ያንን እንደ ግል ታሪኩ ያነበዋል። የሚኖርበት ሰፈር፣ የትምህርት ቤቱ ዓይነትና ወላጆቹ ኮሌጅ መግባት አለመግባታቸው አሁንም ይታያሉ። ውጤትም የሚነበበው ከእነዚህ ጋር ነው፤ የትምህርት ቤቱ ብዙ ተማሪ 1000 በሚያመጣበት 1300 ያመጣች ልጅ ሁሉም 1400 በሚያመጣበት 1300 ካመጣ ልጅ ጋር እኩል አትታይም።

ፈተናው በፈቃድ በሆነበት ኮሌጅ የሚያመለክቱ ልጆች የሚሠሩት ስሕተት በዚህ ላይ ነው። ዳርትማውዝ የራሱን አመልካቾች ሲመረምር ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ ተማሪዎች 1400 አካባቢ ያመጡትን ውጤት ሳይልኩ የቀሩበት አጋጣሚ ብዙ ሆኖ አግኝቷል፤ ከኮሌጁ አማካይ ያንሳል ብለው ነው። ቢልኩት ግን የመግባት ዕድላቸው ይጨምር ነበር። ስለዚህ ከመወሰን በፊት የልጁን ነጥብ ከኮሌጁ አማካይ ጋር ብቻ ሳይሆን ከራሱ ትምህርት ቤት አማካይ ጋር ያወዳድሩ፤ ከትምህርት ቤቱ በግልጽ የሚበልጥ ከሆነ ይላኩት። ትምህርት ቤቱ የራሱን አማካይ ካላሳወቀ አማካሪውን ይጠይቁ፤ ይህን መረጃ አብዛኛውን ጊዜ ከማመልከቻው ጋር ለኮሌጆች የሚልከው እሱ ራሱ ነው።